ሶርሱ የጠፋ ዲኤልኤል ሳርም፦ ያልጠራሁት ዲፔንደንሲ እንዳይገባ

ኅዳር 8 ቀን 2018

ሥራው የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። ዋና ቢሮ እና ሁለት ቅርንጫፍ አላቸው። ፕሮግራሙ በዶት ኔት 2.0 (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያና ማስኬጃ) ተሠርቶ ደብተር ላይ ቀንና ወለድ የሚያትም ነው። የሠራላቸው ልጅ ከአገር ከወጣ ቆይቷል፤ ሶርስ ኮዱ (ሰው የሚጽፈውና የሚያነበው ዋናው ኮድ) የነበረበት ሃርድ ዲስክም ሞቷል። እጃችን ላይ የቀረው ኮምፓይል የሆነው፣ ማለትም ለማሽን የተዘጋጀው ብቻ ነው፦ አንድ ኢኤክስኢ (የሚከፈተው ፕሮግራም) እና ስድስት ዲኤልኤል (ፕሮግራሙ የሚጠራቸው የኮድ ፋይሎች)።

ችግሩ ቀን በሚቀይረው ዲኤልኤል ውስጥ ነው። 48 ኪሎባይት ነው። በአይኤልስፓይ (ኮምፓይል የሆነን ፋይል ወደሚነበብ ኮድ የሚመልስ መሣሪያ) ከፍቼ ሳነበው ጥፋቱ ወዲያው ታየ፦ መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ያደርገዋል። ጳጉሜ 6 ስትሆን አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ እንደሚውል አያውቅም። ስለዚህ ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን መስከረም 1 ቀን 2016 ብሎ አትሟል። ከዚያ የ2016 ቀን በሙሉ በአንድ ቀድሟል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ጳጉሜዋ 5 ብቻ ለሆነችው 2016 ስድስተኛ ቀን ፈጥሮላታል። 2017 ሲገባ ራሱ ተስተካከለ። ሳይታወቅ የቆየውም ለዚህ ነው። ያገኙት የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ የ2016 ደብተሮችን ከቫውቸር ጋር ሲያመሳክሩ።

ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 ነው፣ ማለትም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027። ያኔ ካልተስተካከለ 2020 በሙሉ እንደገና ይበላሻል።

አዲስ ፕሮግራም ይሠራ ብዬ ነበር፤ በጀት የለም። ኮምፒዩተሮቹ ይቀየሩ ብዬ ነበር፤ የደብተር ማተሚያው ድራይቨር አዲስ ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ሁለቱ ማሽኖች ዊንዶውስ 7 ናቸው፣ የአንዱ ቅርንጫፍ ግን ገና ኤክስፒ ነው፤ ዶት ኔት 2.0 ብቻ ነው ያለው፣ ኢንተርኔት የለውም። ይህችን ኤክስፒ ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ በታች ያለው የዲፔንደንሲ (አንድ ፋይል ለመሥራት የሚፈልገው ሌላ ፋይል) ጣጣ ሁሉ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው።

ዛሬ የሠራሁት ባክአፕ ብቻ ነው። ሦስቱም ቦታ ያለውን ፎልደር ቀድቼ የእያንዳንዱን ዲኤልኤል ሻ-256 ሃሽ (ፋይሉ ሲለወጥ የሚለወጥ አሻራ) ጻፍኩ። ጥሩ አደረግኩ፤ የቀን ዲኤልኤሉ በሦስቱ ቦታ አንድ አይደለም። ስሙና ቨርዥኑ አንድ ነው፣ ሃሹ ግን ሦስት ዓይነት። ልጁ በየቅርንጫፉ እየሄደ ትንሽ ትንሽ ነካክቶት ነበር ማለት ነው። በዚህ ምክንያት አንዱን አርሞ ለሦስቱ መገልበጥ ቀረ። ሦስቱንም በአንድ ዓይነት የሚያርም ትንሽ መሣሪያ መጻፍ አለብኝ።

ወጪ፦ ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ 650 ብር፣ ትራንስፖርት 240 ብር።

ኅዳር 11

መሣሪያዎቼ፦ የራሴ ላፕቶፕ፣ ዶት ኔት 8፣ ሞኖ ሴሲል 0.11.5፣ አይኤልስፓይ። ሴሲል ኮምፓይል የሆነ ዲኤልኤል ከፍቶ ውስጡ ያለውን ሜተድ (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ኢንስትራክሽን በኢንስትራክሽን ለመቀየር፣ መልሶም ለመጻፍ የሚያስችል ላይብረሪ ነው። ነጻ ነው። ከማሽን ኮድ ጋር የተቀላቀለ ዲኤልኤል ግን መልሶ አይጽፍም፤ የኛው ንጹህ አይኤል (ዶት ኔት ኮምፓይል ሲደረግ የሚወጣው መካከለኛ ኮድ) ስለሆነ ችግር የለም። ስትሮንግ ኔም ፊርማም (የፋይሉን ማንነት በቁልፍ የሚያረጋግጥ) የለውም፤ ቢኖረውና ቁልፉ ጠፍቶ ቢሆን ሥራው እጥፍ ይሆን ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀላል መሰለኝ። ቀኑን የሚቀይረውን ሜተድ አሮጌ አካል አጠፋሁ፣ አዲስ ጻፍኩ። አዲሱ ኮድ ዴትታይም (ቀን የሚይዘው የዶት ኔት ታይፕ፣ ማለትም የዳታ ዓይነት) ላይ አድዴይስን (ቀን የሚደምረውን ሜተድ) ይጠራል። በሴሲል አንድ ሜተድ ለመጥራት መጀመሪያ ወደ ሞጁሉ ማስገባት አለብህ፤ ሰነዱም ምሳሌውም ሁሉ የሚያሳየው አንድ መንገድ ነው፦ ታይፕኦፍ ዴትታይም ብለህ ሜተዱን ታገኛለህ፣ ለኢምፖርት ሬፈረንስ ትሰጠዋለህ። እንደዚያው አደረግኩ። ተጻፈ። በአይኤልስፓይ ከፈትኩት፣ ኮዱ ያምራል።

ማምሻውን ዋና ቢሮ ሄጄ የፕሮግራሙ ቅጂ ውስጥ ጨመርኩት። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ፓስወርድ ተቀበለ። የደንበኛ ዝርዝር አመጣ። ደስ አለኝ። «ደብተር አትም» የሚለውን ስጫን ወደቀ። ኤረሩ «ሲስተም ፕራይቬት ኮርሊብ፣ ቨርዥን 8.0.0.0» የሚባል ፋይል ማግኘት አልቻልኩም ይላል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ከጎኔ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ፋይል የኛ ነው?» አሉኝ። አይደለም። እዚያ ቤት ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

ልብ ያልኩት ነገር፦ ፕሮግራሙ ሲከፈት አልወደቀም። ራንታይሙ (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው የዶት ኔት ክፍል) አንድን ሜተድ የሚኮምፓይለው መጀመሪያ ሲጠራ ነው፤ የጎደለ ዲኤልኤል የሚፈልገውም ያኔ ነው። ስለዚህ «ተከፈተ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። የተነካው ሜተድ እስኪጠራ ድረስ ጉድለቱ ተደብቆ ይቀመጣል። ያን ማታ ሳልሞክረው ፍላሼን ይዤ ወጥቼ ቢሆን፣ ጠዋት ሰው ተሰልፎ ነበር የሚወድቅባቸው።

ኅዳር 12

ከየት መጣ? ዛሬ ሙሉ ቀን ይሄንን ነው የተከታተልኩት።

እያንዳንዱ ዲኤልኤል ውስጥ ሜታዳታ የሚባሉ ሠንጠረዦች አሉ። አንዱ አሴምብሊ ሬፍ ነው (አሴምብሊ ማለት ኮምፓይል የሆነ የዶት ኔት ፋይል ነው)፦ «እኔ ለመሥራት እነዚህ ፋይሎች ያስፈልጉኛል» የሚል ዝርዝር፣ ስም፣ ቨርዥን እና የቁልፍ ቶክን ይዞ። ሌላው ታይፕ ሬፍ ነው፦ ዴትታይም የሚባለው ነገር ከየትኛው አሴምብሊ እንደሚመጣ ይናገራል። ሦስተኛው ሜምበር ሬፍ፦ የዚያ ታይፕ የትኛው ሜተድ እንደሆነ። አንድ ጥሪ በነዚህ በሦስቱ ሰንሰለት ነው የሚያልፈው።

የድሮው ዲኤልኤል አሴምብሊ ሬፍ ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ ኤምኤስኮርሊብ 2.0.0.0 (የዶት ኔት ዋና ላይብረሪ) እና ሲስተም 2.0.0.0። የኔው ፓች ከገባ በኋላ ሦስት ሆኗል። ሦስተኛው ያ እንግዳ ነው።

ታይፕኦፍ ዴትታይም ስል «ዴትታይም» የሚል ስም የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። እውነታው ግን መሣሪያዬ አሁን እየሮጠበት ያለውን ራንታይም ነው የጠየቅኩት፦ ያንተ ዴትታይም የት ነው የሚኖረው ብዬ። ዶት ኔት 8 ላይ መልሱ ሲስተም ፕራይቬት ኮርሊብ ነው። ኮድ ስንጽፍ የምናየው ሲስተም ራንታይም የሚባለውን ነው፤ ሲሮጥ ግን ዋናዎቹ ታይፖች የሚኖሩት በዚያ የግል ፋይል ውስጥ ነው። ሴሲልም በታማኝነት የተነገረውን አድራሻ መዘገበ። ለሚታረመው ዲኤልኤል ምስክር ጥራ ቢባል ከራሴ ሰፈር ሰው ጠርቶ መጣ።

ጥፋቱ የሴሲል አይደለም። የሚታረመው ፋይል ዓለምና የሚያርመው መሣሪያ ዓለም ሁለት እንደሆኑ ረስቼ ነው።

ኅዳር 15

የመጀመሪያ ሐሳቤ፦ መሣሪያውን ራሱን ወደ ድሮው ዓለም መውሰድ። ፕሮጀክቱን ወደ ዶት ኔት ፍሬምወርክ 4.8 ቀየርኩና አስኬድኩት። እንግዳው ጠፋ፤ በቦታው ኤምኤስኮርሊብ 4.0.0.0 ገባ። አሁን ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ኤምኤስኮርሊብ አለ፣ አንዱ 2፣ አንዱ 4። ይሄንን ወደ ማኅበሩ ይዤ መሄድ አላስፈለገኝም። ኤክስፒዋ 4ን አታውቀውም።

መሣሪያውን እስከ 2.0 ማውረድ ይቻል ይሆናል፣ ግን ያ መፍትሔ አይደለም። ዛሬ ይህች ኤክስፒ ናት፣ ነገ ሌላ ነው። የሚታረመው ፋይል በተለወጠ ቁጥር የሚያርመውን መሣሪያ ማሽን መቀየር አልፈልግም።

ሁለተኛው ሐሳብ፦ ታይፕኦፍን ትቶ፣ ከራሱ ከዲኤልኤሉ ኤምኤስኮርሊብ ጀምሮ ዴትታይምን መፈለግ። ሴሲል ሪዞልቭ የሚል ሜተድ አለው፤ ታይፕ ሬፍ ሰጥተኸው እውነተኛውን ትርጉም ያመጣልሃል። አመጣልኝ፣ ከሱም አድዴይስን አውጥቼ አስገባሁ። ዝርዝሩን አየሁ። ሲስተም ፕራይቬት ኮርሊብ 8.0.0.0 ተመልሶ ተቀምጧል!

ይህኛው በየት በር እንደገባ ለማግኘት ሦስት ሰዓት ፈጅቷል። ዶት ኔት 8 ውስጥም ኤምኤስኮርሊብ የሚባል ፋይል አለ፤ ነገር ግን ውስጡ ባዶ ነው፣ «የምትፈልገው ታይፕ ወደ እገሌ ተዛውሯል» የሚል የመምሪያ ዝርዝር ብቻ ነው። ሴሲል 2.0.0.0ን ሲፈልግ ላፕቶፔ ላይ ያገኘው እሱን ነው፤ መምሪያውን ተከትሎም መጨረሻው ያው የግል ፋይል ሆነ።

መፍትሔው፦ ከኤክስፒዋ ላይ እውነተኛውን የ2.0 ኤምኤስኮርሊብ ቀድቼ አንድ ፎልደር ውስጥ አኖርኩ፣ ያንንም ፎልደር ለሴሲል የመፈለጊያ ቦታ አድርጌ ሰጠሁት። የተሰጠውን ፎልደር የሚያየው ራንታይሙ ውስጥ ከመፈለጉ በፊት ስለሆነ በትክክል አገኘው። ኤክስፒ አጠገብህ ከሌለ ማይክሮሶፍት ለኮምፓይል ብቻ የሚሆኑ የድሮ ፍሬምወርክ ሬፈረንሶችን በኑጌት (የዶት ኔት የኮድ ማከፋፈያ) ፓኬጅ ያወጣል፤ 2.0ም አለበት፤ እሱም ይሠራል።

ኅዳር 19

ሪዞልቭ ለዚህች ጥቂት ጥሪ ከባድ መስሎ ስለታየኝ ሌላ መንገድ ሞከርኩ፦ ታይፕ ሬፉን በእጅ መጻፍ። ስም ክፍሉ «ሲስተም»፣ ስሙ «ዴትታይም»፣ ምንጩ ደግሞ የሞጁሉ የራሱ ኮር ላይብረሪ። ሴሲል ይህንን በታይፕ ሲስተም ውስጥ ይሰጥሃል፤ ዲኤልኤሉ ራሱ የሚጠቀምበትን ኤምኤስኮርሊብ እንጂ የኔን አይደለም። ሠራሁት፣ ዝርዝሩ ንጹሕ ሆነ፣ ሁለት መስመር ብቻ።

ቨርቹዋል ማሽን ላይ ዊንዶውስ 7 ጭኜ ነበርና እዚያ አስኬድኩት። «ሜተዱ አልተገኘም፦ ሲስተም ዴትታይም አድዴይስ» ይላል። አለ እኮ! ስሙ ትክክል፣ የሚቀበለው ደብል ትክክል፣ የሚመልሰው ዴትታይም ትክክል። ኤረሩ ላይ የተጻፈውና ኤምኤስኮርሊብ ውስጥ ያለው ፊደል በፊደል አንድ ነው። ሁለት ማታ በዚህ አለቀ።

በመጨረሻ በአይኤልዳስም (አይኤሉን በጽሑፍ የሚያወጣ መሣሪያ) የድሮውን ሜተድና የኔን ጎን ለጎን አወጣሁ። በድሮው ላይ ከዴትታይም በፊት «ቫልዩታይፕ» የሚል ቃል አለ፣ በኔው ላይ «ክላስ»። ልዩነቱ ይችው ናት። ዴትታይም ስትራክት ነው፣ ማለትም ቫልዩታይፕ እንጂ ክላስ አይደለም፤ በእጅ ታይፕ ሬፍ ስትሠራ ቫልዩታይፕ መሆኑን አንተ ካልነገርከው ሴሲል ክላስ ነው ብሎ ይወስደዋል። በሜተዱ ፊርማ (የሚቀበለውንና የሚመልሰውን የሚገልጸው ኮድ) ውስጥ ይህ አንድ ባይት ነው፦ ለቫልዩታይፕ በሄክስ 11፣ ለክላስ 12። ራንታይሙ ሜተድ ሲፈልግ ፊርማውን ባይት በባይት ስለሚያመሳክር አንዷ ስትለይ «የለም» ይላል፤ የኤረሩ ጽሑፍ ግን ያቺን ባይት አያሳይም። ኢዝ ቫልዩታይፕ የሚለውን እውነት አድርጌ ጻፍኩ። ሠራ።

በዚያው ዓይነት ሌላም አለ፦ በእጅ የተሠራ ሜተድ ሬፍ ኢንስታንስ (በአንድ በተወሰነ እሴት ላይ የሚጠራ) ከሆነ ሃዝ ዚስ የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ስታቲክ ተደርጎ ይፈለግና አይገኝም። ይህቺን ከመጀመሪያው ስላስታወስኳት ዳንኩ።

ኅዳር 22

ኢንስትራክሽን በእጅ መደርደር ሲሰለቸኝ አቋራጭ ፈለግኩ። ሥሌቱን በሲሻርፕ እንደ ተራ ረዳት ክላስ ልጻፍ፣ ኮምፓይል ላድርግ፣ ከዚያ አይኤሉን ወደ ዲኤልኤሉ ልቅዳ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ኮዱም ይነበባል።

ረዳቱን መጀመሪያ ለዶት ኔት 8 ኮምፓይል አደረግኩት። አንድ ቦታ ላይ ኤረር ለማሳየት በዶላር ምልክት የሚጀምረውን ስትሪንግ (ጽሑፍ የሚይዝ ታይፕ) ተጠቅሜ ነበር። ለአዲሶቹ ቨርዥኖች ኮምፓይለሩ ይህንን «ዲፎልት ኢንተርፖሌትድ ስትሪንግ ሃንድለር» ወደሚባል ታይፕ ጥሪ ይቀይረዋል፤ ድሮ ዓለም ውስጥ እንዲህ ያለ ታይፕ የለም። አንዲት መስመር ጽሑፍ ናት፣ ግን ውስጧ ሙሉ ዲፔንደንሲ ይዛለች።

ወደ 3.5 ሳወርደው ያው መስመር ተራ ስትሪንግ ፎርማት ሆነ። ነገር ግን ወራቶቹን ለመፈለግ አንዲት ላምዳ (ስም የሌላት ትንሽ ሜተድ) ነበረችኝ፣ ታይፗ ፈንክ። ፈንክ በ3.5 የሚኖረው ሲስተም ኮር ውስጥ ነው፤ ወደ ኤምኤስኮርሊብ የመጣው 4.0 ላይ ነው። ሃሽሴትም ሊንክም እዚያው ሲስተም ኮር ውስጥ ናቸው። ሁለቱ ዊንዶውስ 7 ማሽኖች 3.5 አብሯቸው ስለሚመጣ ምንም አይሰማቸውም ነበር። ኤክስፒዋ ግን 2.0 ብቻ ናት፣ ሲስተም ኮር የላትም። ሁለት ቦታ ሠርቶ ሦስተኛው ላይ፣ ያውም ስልክ እንኳ በደንብ በማይሠራበት ቅርንጫፍ የሚወድቅ ነገር ልሠራ ነበር።

ከዚህ የወሰድኩት፦ ሲሻርፑን ማየት አይበቃም። ሶርሱ ላይ የማይታይ ዲፔንደንሲ ኮምፓይለሩ ይጨምራል። መታየት ያለበት የወጣው ፋይል ሠንጠረዥ ነው።

ኅዳር 24

ዛሬ ጥያቄውን ገለበጥኩት። እስካሁን «አድዴይስን እንዴት ሳያቆሽሽ ላስገባ» እያልኩ ነበር። ምን አዲስ ነገር ያስፈልገኛል ብዬ አልጠየቅኩም።

ሴሲል ዲኤልኤሉ ቀድሞ የሚጠራቸውን ሜተዶች በሙሉ ዘርዝሮ ያወጣል። በሦስቱም ዲኤልኤሎች ላይ አወጣሁና የጋራቸውን ለየሁ። 31 ናቸው። ከመካከላቸው የዴትታይም ቲክስ (ቀንና ሰዓቱን በአንድ ትልቅ ቁጥር የሚሰጥ) አለ፤ ልጁ የሁለት ቀን ልዩነት ለማስላት ተጠቅሞበታል። ቲክስ ካለኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? የቀረው መደመር፣ ማባዛትና ማካፈል ነው፤ እነሱ የአይኤል ኢንስትራክሽን ናቸው፣ ከማንም ፋይል አይመጡም።

ሥሌቱ ይኸው ነው። ቲክስን ለ864,000,000,000 ስታካፍል ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉትን ቀኖች ታገኛለህ። ከዚያ 2,795 ትቀንሳለህ፤ በኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1 ዓመተ ምሕረት ዜሮ ሆኖ እንዲጀምር። ይህንን ቁጥር ቀ እንበለው። ዓመቱ፦ 4 ጊዜ ቀ ሲደመር 1,463፣ ለ1,461 ሲካፈል፣ ቀሪው ተጥሎ። 1,461 የአራት ዓመት ቀኖች ድምር ነው። ከዚያ ካለፉት ዓመታት የመጡትን ቀኖች ትቀንሳለህ፦ 365 ጊዜ ዓመቱ ሲቀነስ 1፣ ሲደመር ዓመቱ ለ4 ሲካፈል። የቀረውን ለ30 ስታካፍል ድርሻው ወር፣ ቀሪው ቀን ነው፤ ሁለቱም ላይ 1 ይደመራል።

ያቺን አስቸጋሪ ቀን በወረቀት ላይ ሠራኋት። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፦ ቀ 735,978 ነው። 4 ጊዜ 2,943,912፣ 1,463 ሲጨመር 2,945,375። ለ1,461 ሲካፈል 2015፤ 2016 ለመሆን 1 ብቻ ጎደለው። ከዓመቱ የቀረው 365፣ ለ30 ሲካፈል 12 ደርሶ 5 ይተርፋል። አሥራ ሦስተኛ ወር፣ ስድስተኛ ቀን። ጳጉሜ 6፣ 2015። ያቺ የጎደለችው 1 ናት ቀኑን ከአዲስ ዓመት የለየችው። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ላፕቶፑ ላይ ለጠፍኩት።

አዲሱ ሜተድ 43 ኢንስትራክሽን ሆነ። ከውጭ የሚጠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ቀድሞ እዚያው የነበረ። 864 ቢሊዮኑ በ32 ቢት ስለማይገባ በኤልዲሲ አይ8 (64 ቢት ቁጥር የሚጭን ኢንስትራክሽን) መጫን እንዳለበት ብቻ አይረሳ።

ኅዳር 26

መሣሪያው ላይ በር ጠባቂ ጨመርኩ። ፋይሉን ሲከፍት የአሴምብሊ ሬፍ ዝርዝሩን ይመዘግባል፦ ስም፣ ቨርዥን፣ ቶክን። ሊጽፍ ሲል እንደገና ያነጻጽራል። አንድ አዲስ መስመር ካለ አይጽፍም፣ ስሙን ነግሮኝ ይቆማል። ሜምበር ሬፍም ላይ እንደዚያው። ከ30 መስመር የማይበልጥ ኮድ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ልጽፈው ይገባኝ ነበር።

ገና ሳስኬደው ያዘኝ። ሲስተም ፕራይቬት ኮርሊብ 8.0.0.0። አሁን ደግሞ ከየት? ሁሉንም ታይፕኦፍ አጥፍቻለሁ ብዬ ነበር።

አንድ ቀርታለች። ለሙከራ አንድ ሎካል ቫሪያብል ጨምሬ ነበር፣ ታይፑን ታይፕኦፍ ስትሪንግ ብዬ። አስገራሚው ነገር ስትሪንግ ታይፕ ሬፍ እንኳ አያስፈልገውም፤ በፊርማ ውስጥ የራሱ ኮድ አለው፣ በሄክስ 0ኢ፣ አሴምብሊ ሳይጠቅስ ይጻፋል። በፋይሉ ውስጥ ወደዚያ አሴምብሊ የሚያመለክት አንድም ነገር የለም። ግን ኢምፖርት ሬፈረንስ ስትጠራ ያኔውኑ ምንጩን ዝርዝሩ ላይ ይመዘግባል፣ ተጠቀምክበትም አልተጠቀምክበትም። ሴሲልም ሲጽፍ ዝርዝሩን እንዳለ ነው የሚያወርደው፤ ማንም የማይጠራውን አያጠራም።

እንዲህ ያለ ባዶ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራም አይጥልም፣ ማንም አይጠራውማ። ግን አልተውኩትም። ነገ ሌላ ሰው ይህን ፋይል ከፍቶ ዝርዝሩን ሲያይ ዶት ኔት 8 ይፈልጋል ብሎ ያምናል፤ ዲፔንደንሲ ተከትሎ ፋይል የሚሰበስብ መሣሪያም ይሳሳትበታል። ዝርዝሩ ላይ በእጅ መሰረዝም ይቻላል፤ እሱ ግን ምንጩን ሳያገኙ ምልክቱን ማጥፋት ነው። መስመሯን ፈልጌ በሞጁሉ በራሱ ታይፕ ሲስተም ስትሪንግ ተካኋት። በሩ አሳለፈኝ።

ታይፕኦፍን ጨርሶ መተው ለማይችል ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፦ ሴሲል ሪፍሌክሽን ኢምፖርተር የሚባለውን ክፍል በራስህ እንድትተካው ይፈቅዳል። የአሴምብሊ ስም የሚያስገባውን ሜተድ ወስደህ፣ ሲስተም ፕራይቬት ኮርሊብ ሲመጣ የሞጁሉን ኤምኤስኮርሊብ መመለስ ነው። ሞክሬው ይሠራል። ጉድለቱ፦ ስሙን ይቀይራል እንጂ ታይፑ በድሮው ኤምኤስኮርሊብ ውስጥ በእርግጥ መኖሩን አያይም። ፈንክን ብትሰጠው ያለምንም ቅሬታ ኤምኤስኮርሊብ 2.0 ውስጥ አለ ብሎ ይጽፍልሃል። ለኔ ሥራ አላስፈለገም።

ኅዳር 29

ፈተና። የድሮውንና አዲሱን ዲኤልኤል በአንድ ፕሮግራም ጫንኩና ከመስከረም 1 ቀን 1990 እስከ 2029 መጨረሻ እያንዳንዱን ቀን አስቆጠርኳቸው። 40 ዓመት፣ 14,610 ቀን። የተለያዩት 3,660 ቀን ላይ ነው። አስቀድሜ በወረቀት የጻፍኩት ቁጥርም ይኸው ነበር፦ በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜ 6 ራሷ እና ከሷ በኋላ ያለው ዓመት 365 ቀን፣ ድምሩ 366፣ አሥር ጊዜ። አንድ ቀን ቢበዛ ወይም ቢያንስ ኖሮ አልሄድም ነበር።

ሦስቱንም ፋይሎች በፒኢቬሪፋይ (አይኤሉ ትክክል መሆኑን የሚመረምር መሣሪያ) አሳለፍኩ። ሦስቱም አለፉ። ሃሻቸውን ጻፍኩ።

ታኅሣሥ 3

ዋና ቢሮና የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ገባ። ምንም የሚጻፍ ነገር የለም፤ ሠራ።

ታኅሣሥ 6

ኤክስፒዋ። ፍላሹን ስሰካ ማሽኗ አላነበበችውም፣ የፍላሹ ፎርማት ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ፤ በኋላ እንደገባኝ ግን ፊት ለፊት ያለው ዩኤስቢ ሞቶ ነው፤ ከኋላ ስሰካ ተነበበ። ግማሽ ሰዓት።

ፋይሉን ከመቀየሬ በፊት ሒሳብ ሠራተኛዋ ከዋና ቢሮ አብረውኝ መጥተው ነበርና «በዓይኔ ካላየሁ አልፈርምም» አሉ። ልክ ናቸው። እውነተኛውን ዳታቤዝ ትተን በቅጂው ላይ፣ የኮምፒዩተሩን ቀን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 አድርጌ «ደብተር አትም»ን ተጫንኩ። ማተሚያው ለአፍታ አሰበ፣ ከዚያ ያ የተለመደ ድምፁ ተሰማ። ደብተሩን አውጥተው ወደ መስኮቱ አስጠጉት፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ፦ 06/13/2019።

ቀጥሎ ሴፕቴምበር 12 አድርገን አተምን፦ 01/01/2020።

«አሁን እፈርማለሁ» አሉ።

ቀኑን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ዋናው ፎልደር ውስጥ አዲሱን አስገባሁ፣ የድሮውን ዲኤልኤል ስሙ ላይ «የድሮ» ጨምሬ እዚያው ተውኩት። ከአጠገቡ ሃሾቹን፣ የተለወጠውን ሜተድ ስም እና የአሴምብሊ ሬፉን ሁለት መስመር የያዘ ጽሑፍ አስቀመጥኩ። መሣሪያውና የ2.0 ኤምኤስኮርሊብ ያለበት ፎልደር በፍላሹ ላይ ማኅበሩ ካዝና ውስጥ ገብቷል።

ጠቅላላ፦ 41 ሰዓት፣ ከዚያ ውስጥ ኮድ መጻፍ ምናልባት 9። ብር፦ ፍላሽ 650፣ ትራንስፖርት በሁሉም ጉዞ 1,180። የ2016 ደብተሮችን ማረም ገና አልተጀመረም፤ 212 ደብተር ነው፣ የእጅ ሥራ ነው፣ ሰኞ እንጀምራለን።